ጥሩምባ አሟቂው ልጃችን

በቤት «አንተ» እያልን ያሳደግነውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዛሬ አንቱ ማለት ለእኔ ለአክስታቸው ይከብደኛል። ቢሆንም ወግ ነውና የሕይወት ታሪካቸውን እንደ ወጉ አነባለሁ።

ሁላችን «አሟቂው» የምንላቸው ወጣት ከጎሚስታ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። አባት ጎማ፣ ልጅ ጥሩምባ ሲነፉ የሚሰሙ ጎረቤቶች በንፋስ የሚተዳደር ቤት እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት አጠናቀው በሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማሩ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ አባል ስለነበሩ፣ ኮሌጅ ከገቡም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የባንዱን ታናናሽ ልጆች ያለማምዱ ነበር። ቅጽል ስማቸው የወጣው እዚያ ነው። ጥሩምባ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። የልጆቹ ትንፋሽ አጭር ስለሆነ፣ ትርኢት ሊጀመር ሲል እሳቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ የሁሉንም ጥሩምባ በገዛ አፋቸው ነፍተው ያሞቁላቸው ነበር። ልጆቹም ተቀብለው፣ ሳይጠርጉ፣ አፋቸው ላይ ያደርጉታል። እኛ ደግሞ ቆመን እናጨበጭባለን። ከዚህ የበለጠ ደግነት አናውቅም ነበር።

ትዳር ለመያዝና ልጅ ለመሳም አልታደሉም።

ባለፈው ወር አንድ የኮሌጁ ተማሪ በማጅራት ገትር ስለታመመ፣ የጤና ባለሙያዎች ክትባት ይዘው አሟቂው ወደሚያድሩበት የኮሌጁ ማደሪያ መጡ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አሟቂው ግን ልጆቹ ይጠብቁኛል፣ ክትባቱ የትም አይሄድም ብለው ወደ ልምምዱ መጡ። እናታቸው ሲቆጧቸውም «የእኔ ሳንባ እኮ ብረት ነው፣ እማ» ብለው አሳቋቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ትርኢት ነበር፤ እንደ ልማዳቸው አሞቁላቸው። ሰኞ ጠዋት ገና እቤት ሳሉ «ራሴን አመመኝ» ሲሉ ጉንፋን መሰለን። ቀትር ላይ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ማድረስ አቃታቸው፤ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፣ መጋረጃውን ዝጉልኝ አሉ። ሆስፒታል ስንደርስ እግራቸው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ ቢያደርጉም፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ያ ረጅም ትንፋሽ ቆመ።

በሽታው በምራቅና በቅርብ ትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ ወጣቶች ሳይታመሙም በጉሮሯቸው ይዘውት ሊዞሩ እንደሚችሉ ሐኪሙ ነገሩን። ስለዚህ እፈራለሁ፤ አልደብቃችሁም። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠችው የአሥራ አራት ዓመት እህታቸው ጥሩምባ ነፊ ናት። ቅዳሜ ዕለት ጥሩምባዋን የተቀበለችው ከወንድሟ አፍ ነው። እሷም ሌሎቹ ልጆችም መከላከያ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። እንዲያም ሆኖ አንገቷን በነካች ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። እናቷ እጃቸውን ከግንባሯ አላነሱም።

ነገ ጠዋት ክትባቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰጣል። ለቅሶ ላይ ነን ብላችሁ ልጆቻችሁን እንዳታስቀሩ። እኛን ማጽናናት የምትፈልጉ፣ እጃቸውን ይዛችሁ እዚያ አድርሱልን።

አሟቂው እናትና አባታቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ እኔን አክስታቸውን፣ እንዲሁም ያንን ሁሉ ባንድ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በሌለበት ያኑርልን፤ የቀሩትን ልጆች ያቆይልን።

አሁን ባንዱ ይሸኛቸዋል። ጥሩምባዎቹን ያሞቀላቸው የለም፤ ድምፁ ዝቅ ቢል አትፍረዱባቸው።