የኤልቪራ ፊልም የታየበት ዓርብ

ውድ እህቴ ካሊና፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይስ አሁንም ብርቱካን ለቀማው ላይ ጎንበስ ቀና ስትይ ትውያለሽ? ባልሽ ኢሊያ ደህና ነው? ትንሿ ልጅሽ ቦያናስ ቁመቷ የት ደረሰ? እኛ አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ስልክ ደጋግሜ ብደውል ስላላነሳሽ፣ ይህን ደብዳቤ ነገ እናንተ ወዳላችሁበት ቫሌንሲያ ለሚነሳው አውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እባክሽ ቆመሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እማዬ የፊታችን ሐሙስ ሶፊያ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም ብሏል። ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ታርፋለች፤ ስትተነፍስ እኔ ካለሁበት ክፍል ድረስ ይሰማኛል። የፈቃድ ወረቀቱን ግን አልፈርም ብላ ከዳቦ ሳጥኑ ሥር ሸጉጣው ሰነበተች። ስጠይቃት "አየዋለሁ" ብቻ ነው መልሷ። እኔም ጭንቀቱ ምግብ ነሳኝ።

ፔንካንና ገርጋናን መቼም አትረሻቸውም፤ ከስፌት ፋብሪካው ጀምሮ አልተለያየንም። በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ ከሥራ መልስ ፔንካ ቤት ተሰብስበን የኤልቪራ ሳራንዴቫን ፊልም እናያለን። ትናንት ኤልቪራ ሰባ ዓመት የሞላት ቀን ስለነበር፣ ፔንካ አይብ ያለበት ባኒትሳ ጋግራ የተዋናይቷን ፎቶ ከመጽሔት ቆርጣ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ገርጋና ደግሞ ወንድሟ ከተዘጋው ሲኒማ ቤት ዕቃ መሃል ያገኘውን ካሴት ይዛ መጣች። የትኛው ፊልም መሰለሽ? ኤልቪራ የጀልበኛ ልጅ ሆና በፈረስ ዳኑብ ወንዝ ውስጥ የምትገባበት። እማዬ "ፈረሱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ኤልቪራ ፈረስ ስለምትፈራ በእሷ ቦታ እኔ ገባሁ" እያለች ያሳደገችን ያ ፊልም።

በመሸኛሽ ቀን በኢሊያ ዘመዶች ፊት "እማዬ፣ ይህን ውሸት መቼ ነው የምትተዪው? ስምሽ እንኳ የለበትም" ያልሻት ትዝ ይልሻል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፈረሱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ትናንት ግን፣ ወደ ፔንካ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ገርጋና ካሴቱን እንደምታመጣ ስትሰማ ኮቷን ለበሰችና "እኔም እሄዳለሁ" አለች። ውሸት ሆኖ ቢገኝስ? በዚያ ልቧ፣ በሰው ፊት ብትዋረድስ? ራሴን አሞኛል ልበላት ብዬ አሰብኩ፤ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ፊልሙ ተጀመረ። ፈረሱ ሲመጣ ጋላቢዋ ሻርፕ ተከናንባለች፤ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው። ምላሰኛዋ ፔንካ "ጀርባማ ጀርባ ነው፤ እማማ ስቶይና፣ ይሄ እኮ እኔም ልሆን እችላለሁ!" ስትል ገርጋና ሳቀች። እማዬን አየኋት፤ ጉልበቷን ጨምቃ ይዛለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ መስሏል። "እማዬ፣ እንሂድ" አልኳት በጆሮዋ። "ዝም በይ። አሁን ፈረሱ ይደነግጣል" አለችኝ።

ወዲያው ፈረሱ ውሃው መሃል በኋላ እግሩ ቆመ። ሻርፑ ተንሸራተተና ጋላቢዋ ዞረች። ሁለት ጊዜ ዐይን እስኪርገበገብ ያህል ነው። ፔንካ የሱፍ ፍሬውን ሳህን መሬት ላይ ለቀቀችው። "ካሊና!" ብላ ጮኸች። ወጣቷ እማዬ ቁርጥ አንቺን ናት፣ እህቴ! ያ ግንባርሽ፣ ስትፈሪ የታች ከንፈርሽን የምትነክሺበት ሁኔታ፣ ሁሉ ነገርሽ። ካሴቱን አራት ጊዜ መልሰን አየነው። ፔንካ ተንበርክካ "እማማ ስቶይና፣ አፌን ይቁረጠው፣ ይቅር ይበሉኝ" እያለች ጉልበቷን ሳመች።

እማዬ አልፎከረችም። "ዋና አልችልም ነበር። ፈረስ መጋለብ የምትችል ማን ናት ሲሉ እጄን አወጣሁ፤ ስለ ውሃው የጠየቀኝ የለም" አለች። ገርጋና "ታዲያ አልፈሩም?" ብትላት "ፈርቼ እንጂ! ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር" አለቻት። ቤት ስንገባ ኮቷን ሳታወልቅ ወረቀቱን አውጥታ ፈረመች። እኔም ዞር ብዬ አለቀስኩ።

አሁን የራሴን ልናዘዝልሽ። እኔም አላመንኳትም ነበር፤ አንቺ አፍ አውጥተሽ ተናገርሽ፣ እኔ ዝም ብዬ ጥፋቱን ላንቺ ብቻ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ስጠይቃት "ካሊና ከደወለች የፊልሙን ነገር እንዳታነሺባት፤ በደንብ ትበላ እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ሾፌሩ ማክሰኞ ማታ ይደርሳል። ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት አምቡላንሱ ይወስዳታል። ከዚያ በፊት ደውዪ። ምን እንደምትያት ካላወቅሽ ዝም በይ፤ ትንፋሽሽን ትወቀው። ኋላ ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አልነገረኝም።

ኢሊያን ሰላም በይልኝ፤ ቦያናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ፔንካና ገርጋና እጅግ ናፍቀውሻል። የታችኛው ቤት ሽማግሌ አጎት ጸቬታንም ሰላም ብለውሻል። ስልኩን ወደ እማዬ ክፍል አስገብቼዋለሁ፤ ገመዱ አልደርስ ስላለ አልጋዋን ወደ በሩ ገፋሁት።

እህትሽ ዝላቲና
ቪዲን፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2003