የቀኝ ክንዴ ማዕዘን

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ለንደን

ሰባ ሁለት ዲግሪ። ከትናንቱ አንድም አልጨመረም።

አለካኬን እጽፋለሁ፤ በኋላ ከራሴ ጋር እንዳልከራከር። በመኝታ ቤቴ በር ጀርባ ትልቅ ነጭ ሉህ ለጥፌያለሁ። በትከሻዬ ልክ አንድ ነጥብ አለ። ጀርባዬን ለሉሁ ሰጥቼ እቆማለሁ። በቀኝ እጄ እርሳስ ይዤ ክንዴን ወደ ጎን አነሳለሁ። ከዚህ በላይ አልሄድም ባለበት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኝቼ በፕሮትራክተር እለካለሁ። የግራው ክንዴ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። የቀኙ ሰባ ሁለት ላይ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጥ ይላል።

የማልችላቸው፦
ኮት መልበስ።
ከላይኛው መደርደሪያ የሻይ ቅጠል ማውረድ።
በቀኝ ጎኔ መተኛት።
ሰሌዳ ላይ መጻፍ። (ጻፍ የሚለኝ የለም። ቢሆንም ይመዝገብ።)

ኮቱን የምታለብሰኝ ልጄ ሰብለ ናት። ነርስ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው። "አባዬ፣ መጀመሪያ የታመመውን እጅ" ትለኛለች፣ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ። እኔ ፍቼ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጄን ልጠይቅ መጥቼ እንደ ሕፃን እጅጌ ይፈለግልኛል።

ዛሬ ቁርጡን ነገረችኝ። በምትሠራበት ሆስፒታል አንድ ሐኪም ለምና ቀጠሮ አግኝታለች። ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19። በማደንዘዣ ያስተኙኛል፤ ተኝቼ ሳለሁ ክንዴን በኃይል ያላቅቁታል።

"ምንም አይሰማዎትም" አለችኝ።

የከነከነኝ ይኸው ነው። የገዛ ክንዴ ነው። ሲነሳ ላየው እፈልጋለሁ።

"አስብበታለሁ" አልኳት። አስቤ ጨርሻለሁ፤ አልሄድም። የቀረኝ ሌላ መንገድ ማግኘት ነው። ስምንት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሰብለ የምትኖረው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ከፎቁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ አንድ በር ላይ ሥዕል ተሰቅሏል። የሰው አካል ነው፣ ፊቱና ጀርባው፣ በመስመር የተሞላ። መስመሮቹ ከእምብርት አካባቢ ይነሱና በእግርና በክንድ ይሄዳሉ። አሥር ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየቆምኩ ሳያቸው ነበር፤ አንዱ በቀኝ ትከሻ በኩል ያልፋል። ከሥዕሉ በላይ "ባህላዊ የታይላንድ ማሳጅ" የሚል ተጽፏል።

ዛሬ ገባሁ። የገባሁት ስለ መስመሮቹ ልጠይቅ ነው። እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ፤ የሚያምነኝ ባይኖርም።

ሴትዮዋ ማሊ ትባላለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። አጭር ናት፤ ክንዷ ግን የዳቦ ጋጋሪ ክንድ ነው። መስመሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ጠየቅኳት። መልሱን ትታ "ክንድዎን ያንሱ" አለችኝ። አነሳሁ። ዞራ አየችኝ፣ ከኋላም አየችኝ። ምንም አላለችም። ይህን ወደድኩት። ውጤቱን ከመናገሯ በፊት አሠራሩን የምታይ ሴት ናት።

ልብስ ታስወልቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰፊ የጥጥ ሱሪና ሸሚዝ ሰጥታኝ ወጣች። ክራቫቴን መጨረሻ ላይ ፈታሁ። ቅባት የለም። አልጋም የለም፤ ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። መቶ ሃምሳ ሥነ ሥርዓት የሌላቸው ልጆች ፊት ሳልሸበር የቆምኩ ሰውዬ በጀርባዬ ተኝቼ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ እግሬ ሥር ተንበረከከች። እጆቿን ደረቷ ላይ ገጠመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ጸሎት ነው?" አልኩ።

"አስተማሪዎቼን ሰላም እያልኩ ነው። እነሱን ሳልጠራ ሰው አልነካም።"

"ማን አስተማረሽ?"

"የእናቴ አባት፣ በመንደራችን። እሱንም አባቱ።"

ሌላ ነገር ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለምን እንደሆነ ነገ እጽፋለሁ፤ ዛሬ አልፈልግም።

ሥራዋ የዋዛ አይደለም። በአውራ ጣቷ ከክርኔ ጀምራ ስንዝር በስንዝር ወጣች። የት እንደሚያመኝ ሳልነግራት ታገኘዋለች። በመጨረሻ ጎኔ ተቀምጣ ተረከዟን ብብቴ ሥር ተከለች፤ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሳበች። ጮኽኩ፣ በአማርኛ። ሳቀችብኝ፤ አልተወችኝም ግን።

ሰባ አምስት። ከአንድ ሙከራ ምንም አይባልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሰባ ሦስት። ሁለቱ ተመልሰው ሄዱ። ያልተነካ ቦታ እንኳ ያመኛል።

የትናንቱን ልጻፈው።

ፍቼ ላይ አቶ ደበላ የሚባሉ ወጌሻ አሉ። የወለቀ ይመልሳሉ፣ የዞረ ጅማት ያቀናሉ። ሰው ከመንካታቸው በፊት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ደግሞ የሳይንስ ሰው ነኝ፤ ወጌሻ ቤት የሄደ ተማሪ ከእኔ ምክር አያመልጥም ነበር። አንድ ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ አቶ ደበላ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ "የሞተ ሰው እየጠሩ አጥንት መነካካት ድግምት ነው" አልኩ። በገበያ ቀን ያየሁትንም ጨመርኩ፦ ተረከዛቸውን በሰው ብብት ተክለው ክንድ ሲስቡ። "አረመኔነት" አልኩት። አዳራሹ ሳቀ።

አቶ ደበላ ተነሱ። "የምጠራው አባቴን ነው፤ ያስተማረኝ እሱ ነው" አሉ። ተቀመጡ። ያኔ ደግሞ እኔ ሳቅኩ።

በነሐሴ ወደዚህ ልመጣ ስል አውቶቡስ ተራ አገኙኝ። "መምህር፣ ክንድዎን አየሁት። ልይልዎ?" አሉ። "ልጄ ነርስ ናት" ብዬ ተሳፈርኩ።

ያው ተረከዝ ነው። ያው ብብት። የአቶ ደበላን ሥራ ለመቀበል ባሕር መሻገር ነበረብኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

መርሻ በመኪናው አደረሰኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የፓይታጎረስን ማረጋገጫ ከጎኑ ካለው ልጅ የሚገለብጥ ነበር።

"ወዴት ነው ጋሼ?"

ነገርኩት። መሪውን ይዞ ዞሮ አየኝ።

"ጋሼ፣ እዚህ አገር ማሳጅ ቤት የሚባለው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"ይህኛው የሚሠራው ትከሻ ነው።"

"አንዳቸውም ሌላ ነገር እንሠራለን ብለው አያውቁም እኮ!" ሳቁ መኪናውን አነቃነቀው። "እሺ፣ ጥግ ላይ ላውርድዎ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይግቡ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያይዎ..."

"በሩ ላይ አውርደኝ።"

"የእውነትዎን ነው ጋሼ?"

"በሩ ላይ። በስድስት ሰዓት ተኩል፣ በጠራራ ፀሐይ። ከፈለግህም ጥሩምባ ንፋ።"

ነፋ። ሁለት ጊዜ። ባለጌ። ኮቴን እንደ ካባ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ክራቫቴን አቅንቼ፣ ግራ ቀኝ ሳላይ ገባሁ። የደበቅሁት ነገር የለም፤ የምደብቀውም አይኖርም።

ማሊ እጇን ስትገጥም ዛሬ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። የማን ስም እንደጠራሁ እዚህ አልጽፍም።

ሰባ ዘጠኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 15

መርሻ ነግሯታል። ሰብለ ከሥራ ገብታ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ፊቴ ቆመች።

"አባዬ፣ ማሳጅ ቤት ገቡ?"

"ሁለት ጊዜ" አልኩ። ቁጥሩ እንዳይሳሳት።

"ሁለት ጊዜ! ሰው ምን ይላል የሚለውን ይተዉት። እኔ ያንን ሐኪም ስንት ቀን እንደለመንኩት ያውቃሉ? ያቺ ሴት ምን ተምራለች? ማን ቼክ አድርጓታል?"

"አያቷ።"

ይህ መልስ እንደማይረዳኝ ስናገረው ገባኝ።

ተቀመጠች። ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ከእናቷ ነው የወሰደችው። "ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ከግንብ ወድቄ ክንዴ ተሰበረ" አለች። "እማዬ አቶ ደበላ ጋ እንውሰዳት ብላ አለቀሰች። እርስዎ በበራቸው አልፈው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ እንዳይነቀንቀኝ በጭንዎ ይዘውኝ። 'የሚያድንሽ ግምት አይደለም፣ ዕውቀት ነው' አሉኝ። አባዬ፣ እኔ ነርስ የሆንኩት በዚያች ቃል ነው። አሁን ደግሞ እርስዎ..."



"ያን ቀን ልክ ነበርኩ" አልኳት። "ክንድሽ ተሰብሮ ነበር፤ በደንብም ድኗል። የእኔ ግን ስብራት አይደለም።"

"እና ምንድነው?"

"ሐኪምሽም በሽታው ከምን እንደመጣ አላወቀውም። እኔም አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የምሞክረው።"

"አፖይንትመንቱን ካንስል አላደርግም።"

"አታድርጊ። እኔም አልሄድም።"

ራታችንን በልተናል፣ ሽሮ። ጨው አነሰው። አላልኩም።

አልለካሁም። በንዴት የተለካ ልኬት አይታመንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ጠዋት ሰብለ ኮቴን አለበሰችኝ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀችም፤ ታውቃለች። እጅጌውን ከወትሮው ቀስ ብላ ነው ያስገባችው፤ ይህ ከቁጣዋ ይበልጥ ከበደኝ።

ማሊን በቀጥታ ጠየቅኳት፦ "ትድናለህ ትይኛለሽ?"

"አልልም" አለች ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ እንደተከለች። "እንዲህ ያለ ትከሻ የተኛ ቤት ነው። ሲፈልግ ይነቃል። እኔ በሩን አንኳኳለሁ እንጂ።"

"ሆስፒታሉስ?"

"እነሱም ያንኳኳሉ። ጠንከር አድርገው።"

ትድናለህ ብላኝ ቢሆን ኖሮ እጠራጠራት ነበር።

ሰማንያ አራት! ሁለት ጊዜ ለካሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። ጠጋ ብዬ ጨበጥኳቸው። "የማሳጅ ቤቱን አድራሻ ከፈለጋችሁ መርሻ ያውቀዋል" አልኩ። አንደኛው ሳል ያዘው። ሌላኛው ወገቡን ይዞ "ለወገብም ይሆናል እንዴ?" አለ።

ሰማንያ አምስት።

ከነገ በስቲያ ቀጠሮው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰብለ ዛሬ በጊዜ ገባች። ክፍሌን ልትጠርግ በሩን ስትዘጋው ሉሁን አየችው። መስመሮቹን፣ ቀኖቹን፣ ዲግሪዎቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

"ማን ለካው?"

"እኔ።"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

ቆምኩ። አነሳሁ። ሰማንያ ስድስት። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

"አባዬ፣ ወደ ግራ ዘመሙ እኮ።"

"አልዘመምኩም።"

አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ጫነች፣ በሌላው ወገቤን ያዘች። "አሁን ያንሱ" አለች። አነሳሁ። ምልክቱን ራሷ አደረገች፣ ራሷ ለካች። ስልሳ ስምንት።

ስልሳ ስምንት! ከመጀመሪያው ቀን ያነሰ።

"ቢሆንም" አልኩ፣ "ከመጀመሪያው ጀምሮ የዘመምኩት እኩል ከሆነ፣ ስህተቱ በሁሉም ላይ አንድ ነው። ልዩነቱ አይነካም። አሥራ አራት ዲግሪ ጨምሬያለሁ።"

"እኩል መዝመምዎን በምን አወቁ?"

ይህችን ጥያቄ ስንት ተማሪ ላይ ወርውሬያታለሁ! ቀይ ስክሪብቶ አውጥቼ በእያንዳንዱ መስመር ጎን "ያልተረጋገጠ" ብዬ ጻፍኩ። ሰብለ ጽሑፉን አነበበች። ያሸነፈች አትመስልም ነበር።

ዳቦ ልንገዛ ልንወጣ ስለነበር ኮቴን አምጥታ ዘረጋችልኝ። "መጀመሪያ የታመመውን..."

ኮቱን ከእጇ ወሰድኩት።

ቀኝ እጄን ከታች በኩል ወደ እጅጌው አስገባሁ። ክርኔ ላይ ቆመ። ተነፈስኩ፤ ማሊ እንደምትለኝ፣ ሳልታገለው። ላብ አጠመቀኝ። ሰብለ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ምን ያህል እንደቆየን አልቆጠርኩም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሳልቆጥር ቀረሁ። ጣቶቼ በእጅጌው ጫፍ ወጡ። ከዚያ ኮቱን ወደ ጀርባዬ ስቤ ግራውን አለበስኩ። ባለፈው ሰኞ ይህን አልቻልኩም ነበር። ይህ ፕሮትራክተር አያስፈልገውም።

የላይኛውን ቁልፍ ሰብለ ቆለፈችልኝ። እሱን እችል ነበር። ተውኩላት።

ከዚያ ስልኩን አንስታ ሆስፒታል ደወለች። በእንግሊዝኛ ነው ያወራችው፤ ሰማኋት። ካንስል አላለችም። ሦስት ሳምንት አራዝሙልኝ አለች። ስልኩን ስታስቀምጥ ውሏን ነገረችኝ፦ ከእንግዲህ የምትለካው እሷ ናት፤ በሦስት ሳምንት በእሷ ልኬት ለውጥ ከሌለ እተኛላቸዋለሁ።

"እስማማለሁ። ማሊ ጋ መሄዴን ግን አልተውም።"

"ተዉ አልኩዎ?" አለች። "ቀጣዩ መቼ ነው? ትከሻዎን ስትስብ አጥንቱን እንዴት እንደምትይዘው ማየት አለብኝ።"

"ነገ በስድስት ሰዓት። በዋናው በር ነው የምንገባው።"

ሳቀች፤ ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለአቶ ደበላ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። "በዚያ ስብሰባ ላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ" የሚለው ድረስ ደርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም። አንድ ክንድ ምንም አያረጋግጥም፤ ይህንንም እጽፍላቸዋለሁ። ይቅርታው ግን ውጤት አይጠብቅም።

አሮጌውን ሉህ አንስቼ አዲስ ለጥፌያለሁ። አንድ መስመር ብቻ አለበት። ስልሳ ስምንት ዲግሪ፣ በሰብለ እጅ የተለካ።