ያልገለበጥኩት የቆጠራ ወረቀት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ታምሩ፣
ጂንካ

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ፣ ጎንበስ ሲሉ የሚይዝዎት ነገር ለቀቅ አደረገዎት? እማዬ እንዴት ናት? የደም ግፊቷን እየተለካች ነው ወይስ «ደህና ነኝ» እያለች ጤና ጣቢያውን በሩቁ ታልፈዋለች? ወንድሜ ናሆምስ ፈተናውን ከጨረሰ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደዋል? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ሀዋሳ በየቀኑ ይጥላል፤ ከታቦር ተራራ ወደ ታች የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ስለቆረሰው ባጃጆቹ ወደ እኛ ሰፈር ለመውጣት ዋጋ ጨምረዋል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ብጽፍልዎት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አባባ፣ ዛሬ እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልችልም።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም ብለው እንዳያዝኑብኝ። የእንጨት መሰንጠቂያው ድምፅ ጆሮዎን ካደከመው ወዲህ ጮኼ ካልተናገርኩ አይሰሙኝም፤ እኔ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ስድስት ቤት ሰው አለ። ጮኼ የማወራው ነገር አይደለም። ናሆም ስልኩን ይዞ እየሰማ እንዲያስተላልፍልዎትም አልፈለግሁም። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው መጀመሪያ ብቻዎን ያንብቡት፤ ለእማዬ እርስዎ በሚያውቁበት መንገድ ይነግሯታል።

አባባ፣ ከሐምሌ አሥራ አንድ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ከዚያ ወዲህ በደወሉልኝ ቁጥር «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» ያልኩዎት ውሸት ነው። ይቅር ይበሉኝ። አሁን የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

ከተመረቅሁ በኋላ አሥር ወር ሥራ ስፈልግ እንደቆየሁ ያውቃሉ። ያላወቁት እንዴት እንደነበር ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ገና ሳይነጋጋ የምንሰለፈው ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሆነን ነበር። የሥራ ልምድ ይጠይቁናል፤ ልምዱን ደግሞ የሚሰጠን የለም። ግንቦት ላይ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ሲቀጥረኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ለጋሽ ጌታቸው ደወሉላቸው። ጂንካ ሲያስተምሩ እኛ ቤት ተከራይተው የኖሩት ሰውዬ፣ ሳያቅማሙ መጥተው ፈረሙልኝ። ያ ፊርማ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከአንገቴ ላይ አልወረደም።

ድርጅቱ ውስጥ የምነግርዎት ሦስት ሰዎች አሉ። አቶ ኢዮስያስ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ወይዘሮ እታፈራሁ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቁልፉን ወገቧ ላይ አስራ የምትውል ሴት። ምሳ ይዤ ባልመጣሁበት ቀን ሳህኗን ወደ እኔ ትገፋልኝ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት ደግሞ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው፤ ከቢሯቸው ብዙም አይወጡም።

ሰኔ ሠላሳ ዓመታዊ የዕቃ ቆጠራ ቀን ነበር። እኔና አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ከአቶ ኢዮስያስ ጋር ቆጣሪ ሆነን ተመደብን። እኔ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ የምንቆጥር መስሎኝ አሮጌ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የመጣሁት። አቶ ኢዮስያስ ወረቀቱን ሰጠኝና «በየዕቃው ላይ የተንጠለጠለው ካርድ መግቢያና መውጫውን ይዟል። ቀሪውን እያየሽ ወደዚህ ገልብጪው፤ ከዚያ ሦስታችንም እንፈርማለን። ሁሌም የምንሠራው እንዲህ ነው» አለኝ። የሽያጭ ሠራተኛው ገና ምንም ሳይሞላበት ባዶውን ወረቀት ፈርሞ ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ።

እኔም ልገለብጥ ጀመርኩ፤ አልዋሽዎትም። የቆርቆሮውን ገልብጫለሁ። ለምሳ ሲወጡ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። ባለ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትሩ ፌሮ የተከመረበት ጋ ሄጄ ጫፍ ጫፉን በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ ቆጠርኩ። ካርዱ ስምንት መቶ ስልሳ ቤርጋ ይላል፤ አንዱን ዘንግ ቤርጋ ነው የሚሉት። እኔ ያገኘሁት ስድስት መቶ አርባ ስምንት ነው። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል እታፈራሁ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። በሩን ዘግታ መጣችና በሹክሹክታ፣ ግንቦት ላይ አቶ ኢዮስያስ በስልክ «ስጫቸው፣ የወጪ ወረቀቱ ኋላ ይመጣልሻል» እያለ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግራት ፌሮውን በሦስት ቀን እንዳስወጣት፣ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ እንዳልመጣ ነገረችኝ። በጠየቀችው ቁጥር «ነገ» ይላታል። እጇ ላይ አንዲት ብጣሽ ማስረጃ የለም። «ሮሆቦት እህቴ፣ እባክሽ ገልብጪውና እንገላገል። ልጆቼን አስቢልኝ» አለችኝ።

አባባ፣ የገባሁበትን ይዩልኝ። እውነቱን ብጽፍ ጎደለ ተብላ የምትያዘው ያበላችኝ ሴት ናት። ካርዱን ብገለብጥ ደግሞ «ቆጥሬ አግኝቻለሁ» ብላ የፈረመችው ሮሆቦት ናት፤ አንድ ቀን ቢታወቅ የሚጠየቁት ጋሽ ጌታቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር አስተምረውናል፤ እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚደረግ ያስተማረን ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ ኢዮስያስ ፌሮው እንደጎደለ ነገርኩት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ «የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ። አሥራ ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ፤ እሱም ያውቀዋል። «እስከ ነገ ጠዋት ወረቀቱን ሞልተሽ፣ ፈርመሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጪ» ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ጌታቸው ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ሳያውቁ በስማቸው መወሰን አልቻልኩም። መሰላል ላይ ወጥተው የጣሪያውን አሸንዳ ሲጠግኑ ነበር የደረስኩት። ወረዱና እጃቸውን ሳይታጠቡ አዳመጡኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂሩት የሻይ ብርጭቆውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ጋሽ ጌታቸው ከመሰላሉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ «ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። አልፈራሁም ብልሽ ውሸት ነው» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ትንሽ ቆይተው ግን «እኔ የፈረምኩት ለአንቺ ነው፤ ለፌሮው አይደለም። ያላየሽውን አየሁ ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝና «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ፌሮ በኪስ አይወጣ። በየትኛው በር ወጣ?» ብለው ጠየቁኝ።

ያቺ ጥያቄ ናት ያዳነችን። በማግስቱ ማንም ሳይገባ ዘበኛው ጋ ሄጄ የሚወጣውን መኪና የሚመዘግቡበትን ደብተር እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ሽማግሌው ጽሑፋቸው ጎርበጥ ያለ ነው እንጂ ምንም አያመልጣቸውም። የግንቦት ገጾች ላይ አገኘሁት፤ ሦስት ቀን፣ አንድ ኢሱዙ፣ የታርጋ ቁጥር፣ የሹፌር ፊርማ፣ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ ሁለት ቤርጋ። በሦስቱም መስመር መጨረሻ ላይ «ወደ ወይዘሮ አልማዝ እንግዳ ማረፊያ ግንባታ» ይላል።

ሌባ የምፈልግ መስሎኝ ነበር፤ የወሰዱት ለካ የድርጅቱ ባለቤት ራሳቸው ናቸው። የራሳቸው ዕቃ ነው ሊሉኝ ይችላሉ አባባ። ግን ዕቃው የድርጅቱ ነው፤ ወረቀት ሳይቆረጥለት ከወጣ ካርዱ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ አንድ ቀን ሲፈለግ ደግሞ ቁልፉ ያለው እታፈራሁ ወገብ ላይ ነው።

ደብተሩን ለእታፈራሁ አሳየኋት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ደጋግማ አነበበችውና ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ሁለት ወር ሙሉ ልጆቼ ፊት ሌባ ተብዬ ስወሰድ እየታየኝ ነው የኖርኩት» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ቁልፏን አንስታ ከእኔ ጋር ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግምጃ ቤቱን ሙሉ ቆጠርን። የገለበጥኩትን ወረቀት ቀድጄ በአዲስ ሞላሁ። ፌሮው ጋ ስድስት መቶ አርባ ስምንት ብዬ ጻፍኩ፤ ማስታወሻው ላይ የዘበኛውን ደብተር ቀንና ታርጋ አሰፈርኩ፤ ፈረምኩ።

አቶ ኢዮስያስ አየውና «ይሄን አልቀበልም፤ ከፈለግሽ ለወይዘሮ አልማዝ ራስሽ ውሰጂላቸው» አለኝ። የማልደፍር መስሎት ነው። እኔም የምደፍር አልመሰለኝም ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ወረቀቱን እስከ ታች አነበቡት። «ከአንቺ ሌላ ማን አየው?» አሉኝ። «ዘበኛው ጽፈውታል፣ እታፈራሁ ሰጥታዋለች፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ» አልኳቸው። በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

በሦስተኛው ቀን በእሳቸው ፊርማ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤርጋ የወጪ ወረቀት ተቆረጠ። ካርዱ ተስተካከለ፤ እታፈራሁም ነፃ ሆነች። እኔ ያለፈ መሰለኝና በዚያ ቀን ስደውልልዎት ስስቅ ሰምተውኛል። አላለፈም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ኢዮስያስ ሥራ አልሰጠኝም። የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል ተቀየረ። ጠዋት ገብቼ ባዶ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤ ማታ እወጣለሁ። ቀኖቹን እቆጥር ነበር፤ ስልሳው የሙከራ ቀን ከሞላልኝ ቋሚ እሆናለሁ ብዬ። ሁለት ቀን ሲቀረኝ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ «ከድርጅቱ አሠራር ጋር መጣጣም ባለመቻልዎ» ይላል።

አላለቀስኩም። የጋሽ ጌታቸውን የዋስትና ወረቀት ካልሰጣችሁኝ አልወጣም አልኩ። ሌላ ቀን ነይ አሉኝ። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እየገባ ይወጣል፣ ያዩኛል። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን እታፈራሁ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ግምጃ ቤቱ ተዘግቶ ደንበኞች ውጭ ቆመው መጮህ ሲጀምሩ ወረቀቱ ተገኘ። ያንኑ ምሽት ለጋሽ ጌታቸው አስረከብኳቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ሌላ ቦታ ስትቀጠሪ ደግሞ ንገሪኝ፤ እመጣለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

አሁን አንዲት ትንሽ የሒሳብ መዝገብ ሥራ ቢሮ ውስጥ በጊዜያዊነት የሱቆችን የግብር ሰነድ አዘጋጃለሁ። በፋይል ነው የሚከፍሉኝ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ያበቃል። የቤት ኪራዬን ይሸፍናል፤ ከዚያ አይተርፍም። ስለዚህ ለመስከረም እልካለሁ ያልኩትን ገንዘብ መላክ አልችልም። እርስዎም የመሰንጠቂያ ማሽኑን ለመሸጥም ሆነ ለመበደር እንዳያስቡ፤ እለምንዎታለሁ። ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኝ ነበር። «በሁለት ወር ለምን ወጣሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። በመጀመሪያው ቦታ «በስምምነት» አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ ራሴን ጠላሁት። በሁለተኛው እውነቱን ተናገርኩ፤ ጠያቂው ፋይሌን ዘጋ። የትኛው እንደሚያስከፍለኝ ለማወቅ አልቸገረኝም አባባ። አንዳንድ ቀን፣ ያኔ ገልብጬው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እነቃለሁ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ይለቀኛል።

ነገ ጠዋት ሦስተኛ ቦታ ተጠርቻለሁ። ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ እኔም የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ይህንን ደብዳቤ ዛሬ የምልከው ለዚህ ነው፤ ውጤቱን ካወቅሁ በኋላ ቢሆን ኖሮ አሳምሬ ልጽፈው እችል ነበር። የሰፈር ሰው ስለ እኔ ቢጠይቅዎት «ልጄ ሥራ እየፈለገች ነው» ይበሉ፤ አይጨምሩበት፣ አይፈሩልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ግፊቷን ሳትለካ ከዋለች እንደምቆጣት ይንገሩልኝ። ናሆምን ግንባሩን ሳሙልኝ፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ለእኔ ይደውል። ትንሿን እህቴን ሊዲያን ያቺን የተነቀለች ጥርሷን እንዳየሁላት ያህል አቅፋችሁ ሳሙልኝ። ከእርስዎ ጋር መሰንጠቂያው ላይ ለሚውሉት ለጋሽ ክብሩም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የእርስዎን እጅ በሁለት እጄ ይዤ እስማለሁ፤ ጸሎትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሮሆቦት ታምሩ
ታቦር፣ ሀዋሳ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.