ከድሬዳዋ ሊትሪና እስከ አያት ባቡር፦ የአቶ ፀጋዘአብ ዑቕባይ የሕይወት ጉዞ

አቶ ፀጋዘአብ ዑቕባይ ከአባታቸው ከአቶ ዑቕባይ ሐጎስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተብርሃን ተስፋይ፣ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቁልቢ ገብርኤል በዓል ነበር። የባቡር እሳት አንዳጅ የነበሩት አባታቸው ተሳላሚ ሲያመላልሱ ውለው አድረው፣ ወንድ ልጅ መውለዳቸውን የሰሙት በማግስቱ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ፈረንሳይኛውን ከመምህራን፣ ሶማሊኛውንና ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች፣ ስድቡን ደግሞ ከሁሉም ቋንቋ እየመረጡ እንደያዙ አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ። በ1956 ዓ.ም. በባቡር ጥገና ክፍል በሠልጣኝነት ተቀጠሩ። በ1962 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግራ ጅቡቲ የምትገባው የሊትሪና ሾፌር ሆኑ። ሊትሪና ለማያውቃት ወጣት፣ ሞተሯን በሆዷ ይዛ ያለ ጎታች የምትሄድ ባለ መስኮት ባቡር ነበረች። አቶ ፀጋዘአብ በከሰል የሚነዳውንም በናፍጣ የሚሄደውንም ባቡር ያውቃሉ፤ ስለ እሷ ሲያወሩ ግን ባለቤታቸው ወ/ሮ ሣባ እየቀኑ ክፍሉን ለቅቀው ይወጡ ነበር።

ከወ/ሮ ሣባ መሐሪ ጋር ጥር 1966 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ፀደንያ የተወለደችበት ቀን ግን በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባውም፤ እንዲነገር ያዘዙትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. ሊትሪናዋን ይዘው ከጅቡቲ ሲመለሱ፣ ወ/ሮ ሣባ ምጥ መያዛቸው በጣቢያ ስልክ ተነገራቸው። ያ ሐዲድ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ከወዲያ ማዶ ባቡር ሲመጣ በየመሐሉ ካሉት ትንንሽ ጣቢያዎች በአንዱ ቆሞ ማሳለፍ ግዴታ ነው። ያን ዕለትም የዕቃ ባቡር እየመጣ ነበር። አቶ ፀጋዘአብ ግን የዕቃ ባቡር መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል ብለው ፈቃድ ሳይጠብቁ ተነሡ። የዕቃ ባቡሩ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ የመጣው ያን ዕለት ነው። ሁለቱ ባቡሮች ተፋጥጠው ሲቆሙ በመካከላቸው የቀረው አርባ እርምጃ ብቻ ነበር።

የዕቃው ባቡር ሾፌር አቶ ጣሃ አብዱራሕማን ብረት ይዘው ወረዱ። አቶ ፀጋዘአብ ደግሞ፣ "ሚስቴ ምጥ ላይ ናት" ብቻ አሉ። አቶ ጣሃ ብረቱን ጥለው፣ "አንተ ቀውስ! ሰው ጨርሰህ ነው ልጅህን የምትስመው? በል ተከተለኝ፤ ቅጣትህን ነገ ትቀበላለህ" አሉና ረጅሙን ባቡራቸውን እስከ ኋለኛው ጣቢያ ድረስ ወደ ኋላ መልሰው አሳለፏቸው። አቶ ፀጋዘአብም ልጂቱን ከሳሙ በኋላ ጥፋታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ለአለቃቸው አቀረቡና ሦስት ወር ከመሪ ታገዱ። አቶ ጣሃ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ሆነው ኖረዋል፤ ዛሬም በመካከላችን ይገኛሉ።

በ1993 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2003 ዓ.ም. ፀደንያ አያት ሰፈር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሳት፣ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከእሷ ጋር መኖር ጀመሩ። ሰፈሩ ውስጥ አቧራ እንጂ ሐዲድ የለም ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ሐዲዱ ራሱ ደጃቸው ድረስ መጣላቸው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር የድሮ ቆባቸውን ደፍተው ከአያት ተሳፈሩ። መሪ የሚባለው ጣቢያ ሳይደርሱ ግን ሌላ ባቡር ከፊት ለፊት ሲመጣ አዩና፣ "ቁም! ቁም! መጣብህ!" ብለው በሙሉ ድምፅ ጮኹ። ተሳፋሪው እኩሌታው ማርያምን ጠራ፣ እኩሌታው ወደ በሩ ተጋፋ። የመጣው ባቡር በጎን ባለው በራሱ ሐዲድ በሰላም አለፈ። አቶ ፀጋዘአብም፣ "ሁለት መስመር ነው ለካ" ብለው ተቀመጡ። ይህ ታሪክ በሰፈር ዕድር ለስንት ዓመት እንዳሳቀ አባላቱ ያውቁታል።

በ2010 ዓ.ም. የፀደንያ ልጅ ብሩክታይት፣ በምሕንድስና ተመርቃ፣ ለዚሁ ባቡር አሽከርካሪነት ተወዳድራ አለፈች። እናቷ ባንክ ትገባለች ብላ ስለነበር አኮረፈች። ብሩክታይት አያቴ ግን እስክስታ ይወርዳሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን አጠገባቸው አስቀመጧት። የዚያን የየካቲት ቀን ነገር፣ ከወ/ሮ ሣባ በቀር ለቤተሰቡ ያልነገሩትን ሁሉ ነገሯት። በመጨረሻም፣ "ሥራውን አልከለክልሽም። የሰው ነፍስ ተሸክመሽ እንደምትሄጂ ማወቅሽን እስካይ ግን ምርቃቴ ይቆይ" አሏት። ልጂቱ አለቀሰች። ያለ አያቷ ምርቃት የጀመረችው ሥራ ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ ይሰማት እንደነበር አልደበቀችም።

ከዚያ በኋላ አቶ ፀጋዘአብ ለሰባት ዓመታት፣ ከበዓልና ከሕመም ቀን በቀር፣ ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጃቸው በምትነዳው ባቡር ተሳፍረዋል። ከአሽከርካሪዋ ክፍል ጀርባ ቆመው ሐዲዱን ያያሉ። "አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ" ሲሏቸው፣ "ሥራ ላይ ነኝ" ይሉ ነበር። ብሩክታይትም አንድ ጊዜ "ምን አጠፋሁ?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ "ምንም። እኔም አምስት ዓመት ምንም ሳላጠፋ ነው ያጠፋሁት" አሏት።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. እግራቸው ማበጥ ጀምሮ ስለነበር፣ ከመገናኛ ሲመለሱ አንዲት ወጣት በግድ አስቀመጠቻቸው። ጉርድ ሾላ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሚሄድ ባቡር ላይ፣ ሾፌር ሆነውም ተሳፋሪ ሆነውም፣ ዓይናቸውን ከድነው የማያውቁት ሰውዬ አፋቸውን ከፍተው አንኮራፉ። አያት ሲደርሱ ብሩክታይት ለመልሱ ጉዞ በሌላኛው ጫፍ ወዳለው መሪ ለመሄድ ባቡሩ ውስጥ ስታልፍ አየቻቸው፤ አልቀሰቀሰቻቸውም። እስከ ጦር ኃይሎች ወስዳ መልሳ አመጣቻቸው። ሲነቁ፣ "ደረስን?" አሏት።

"ሁለት ጊዜ ደርሰናል፣ አባባ" አለቻቸው።

በእሷ ባቡር እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ያኔ ገባቸው። ከዚያ ብድግ ብለው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው፣ "በወጣሽበት ተመለሺ፤ ያሳፈርሽውን ሁሉ ለቤቱ ያብቃልሽ፤ እጅሽን ይባርክልኝ" ብለው መረቋት። ለመሳፈር የተሰለፈው ሕዝብ ከበሩ ላይ ሆኖ "አሜን!" አለ። ቤት ሲገቡም ለወ/ሮ ሣባ፣ "ተኛሁ እኮ! ተኛሁ!" ሲሉ፣ ዕጣ የወጣላቸው ይመስሉ ነበር። ያን ቀን በቤታችን የነበረው ደስታ ከሠርግ አያንስም።

አቶ ፀጋዘአብ በልብ ሕመም ምክንያት ከነሐሴ ወር ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ብሩክታይት ፈቃድ ወስዳ ከአልጋቸው አጠገብ ልትቀመጥ ስትል፣ "ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል፤ እኔ ስለ አንቺ መስጋት ትቻለሁ" እያሉ ይሸኟት ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ79 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉ ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሣባ መሐሪ፣ ልጆቻቸው ፀደንያና አብኔዘር፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው እና ወዳጃቸው አቶ ጣሃ በሕይወት አሉላቸው።

ስለ ነፍሳቸው ዕረፍት እንለምናለን። አርባ እርምጃ ላይ የቆመችው የአንድ ቀን ጥፋት ሃምሳ ዓመት እንቅልፍ ነስታቸው ኖራለች፤ እሷን ግን በቁማቸው፣ በልጅ ልጃቸው ባቡር ላይ አሳርፈዋት ሄደዋል። የዕረፍቱን መንገድ እኩሌታ ራሳቸው ጨርሰውታልና፣ የቀረውን እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያድርሳቸው። አሜን።