የወንዱ እርምጃ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከጥርስ ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራላቸው የሦስት ሰው አፍ ልክ መጣ። ሁለቱ ቀላል ናቸው። የአንዱ የታች መንጋጋ አልቆ ሜዳ ሆኗል፤ ጥርስ የሚቆምበት የለውም። ከሰምና ከጄሶ ጋር ስታገል ዋልኩ። ከምሳ በኋላ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለማን?

ማታ ወንድሜ እንደ ልማዱ እርጥብ ካልሲውን ማሞቂያው ላይ አሰጣ። ሾርባውን ጠጥቶ ጨረሰና፣

«ያ አዳራሽ ቆጣሪው ምድር ቤት ነው» አለ።

«የቱ አዳራሽ?»

«ዳንስ የሚያስተምሩበት። ወደ ቆጣሪው ስወርድ ሙዚቃቸው ከፎቅ ይሰማል።»

«እና?»

«ምንም። ምድር ቤት ነው አልኩሽ እኮ።»

አውቄ ነው የጠየቅኩት፤ ይሄን ቆጣሪ ሲያነሳብኝ የመጀመሪያው አይደለም። ቀኑን ሙሉ በየሰው ግቢ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የሚውል ሰው፣ ስለ ሌላው ትንፍሽ ሳይል ስለዚህ አንድ ቆጣሪ ብቻ... ምን ነክቶት ነው?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«መማር ትፈልጋለህ?»

ጆሮው ፍም መሰለ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

አርባ አንድ ነው። አምና የአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሱ የሰው ካፖርት ታቅፎ ጥግ ላይ ቆሞ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «ካፖርት» ይለዋል። አብሯቸው ይስቃል። ጥርስ ባዳ ነው። ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ።

እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ነበር። አሳደግኩት። እኔም ሳላገባ፣ እሱም ሳያገባ... አንድ ኩሽና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። እኔስ ለምጄዋለሁ። ግን እኔ ስሞት ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው እራት የሚበላው? ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር የለም። ይሄ ብቻ።

«ቀኑን ሙሉ በእግርህ እየሄድክ ማታ እግር የለኝም ትላለህ?» አልኩት።

«መሄድና መጨፈር አንድ ነው?»

«ሂድና እየው።»

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ጺሙን ተላጨ። ሸሚዝ ቀየረ። ወጣ። ወዲያው ተመለሰ።

«ዘግቶ ነበር» አለ።

በመስኮት አይቼዋለሁ። ጥግ ላይ ካለው ዳቦ ቤት አላለፈም። እዚያ ቆመ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ተመለሰ።

«ሐሙስ ሐሙስ ይዘጉ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዳቦ ነበረን።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ባዶ እጅህን አትሄድም፣ እዚሁ ትንሽ አሳይሃለሁ አልኩት።

«አንቺ? እትዬ፣ ከየት አውቀሽ?»

ከየት ይሆናል! ሙያ ስማር ከኖርኩበት የልጃገረዶች ማደሪያ። ወንድ በራችን አይደርስም ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ አልጋዎቹን ወደ ግድግዳ እንገፋና እርስ በርሳችን እንጨፍራለን። ረጅሟ እኔ ስለነበርኩ ሁሉም ከኔ ጋር መሆን ነው የሚፈልጉት። ይሄን ለሱ ነግሬው አላውቅም። ጠይቆኝስ መች ያውቃል?

ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋነው። ሬዲዮ ከፈትኩ። እጁን ያዝኩ። በላብ ርሷል።

«እግርህን አትይ። የትም አይሄድም።»

«ብረግጥሽስ?»

«እንጀራዬ ጥርስ ነው። እግሬን እንደፈለግክ እርገጥ።»

ሳቀ። ከዚያ ሄደለት። ከጠበቅኩት በላይ! ትንሽ ስገፋው ይሄዳል፣ ትንሽ ስስበው ይመጣል። ውሃ ነው። ይሄ ልጅ ተሰጥኦ አለው እንዴ?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ዳቦ ቤቱን እንዲያልፍ አብሬው ሄድኩ።

«እስከ በሩ ብቻ» አልኩት።

«ሰው ያየኛል።»

«ይዩህ! ቆጣሪ ሊያነብ መጣ ይላሉ።»

ደረጃውን ሲወጣ መደገፊያ ብረቱን ይዞ ነበር፣ እንደ ታማሚ። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ጫማ መሸጫው በረንዳ ስር ቆምኩ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ከታች የሚታየው ጭንቅላት ብቻ። የሱን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ከኋላው መላጣ ጀምሮታል። ጭንቅላቶቹ በመስኮቱ አለፉ፣ ተመለሱ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ቆሙ። ሳቅ። እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

ሲወጣ አላየኝም፤ ጠራሁት። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ያሳየሽኝ የሴቷን ነው።»

«ምን?»

«የሴቷን እርምጃ ነው ያስተማርሽኝ። አብራኝ እንድትጨፍር የተሰጠችኝ ሴት ወደ ኋላ፣ እኔም ወደ ኋላ። እንደ ሁለት ክንፍ በር ተከፈትን።»

«አስተማሪዋ ምን አለች?»

«ማን አስተማረህ አለችኝ።»

«አንተስ?»

«እህቴ አልኩ። ያኔ ነው የሳቁት።»

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ረጅሟ ወንድ ትሆናለች። የማደሪያው ደንብ ነበር። የማውቀው የወንዱን ነው። ስለዚህ እኔ መራሁ፣ እሱ ተከተለ፣ ሁለታችንም ምንም አልታየንም።

ዳንስ ላይ ብቻ ነው?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሐኪሙ የሠራሁትን አንድ የላይ ጥርስ ይዞ በራሱ እግር መጣ። የጥርሱ ባለቤት መልሳዋለች።

«ይወጋታል?»

«አይወጋም። የኔ አይመስልም ነው የምትለው። ድሮ የግራ ክራንቻዋ ጠማማ ነበር አሉ። እሱን ይመልሱልኝ ትላለች።»

«ጠማማውን?»

«ጠማማውን። በሱ ነበር የምስቀው አለች። እኔ ምን ላድርግ፣ አጣምሚላት።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀጥ ማድረግ እጄ ለምዶታል። ማጣመሙ ግን... ስንት ጊዜ ሰሙን አሞቅኩ። ትንሽ ሲበዛ አስቀያሚ፣ ትንሽ ሲያንስ ስህተት ይመስላል። ማምሻውን ተሳካልኝ።

ወንድሜ ነገ አልሄድም ብሏል። ሰርጉንም፣ ካፖርቱንም፣ ሁሉንም ደረደረልኝ። «ተይኝ እትዬ፣ እኔ እንዲህ ነው የተሠራሁት።»

ጥርስ እንኳን ተመልሶ ይሠራል አላልኩትም። ማለት ነበረብኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

እሱ ቀረ፣ እኔ ሄድኩ። ትምህርት ሳይጀመር ደረስኩ። አስተማሪዋ ሰፊ ሴት ናት። ጉልበቷ ላይ ፋሻ ጠምጥማ ብርቱካን ትልጣለች።

«የዚያ ልጅ እህት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ቁመትሽ ይናገራል። የት ነው የቀረው?»

«አፍሮ።»

«ስሚኝ እህቴ። እዚህ የሚመጣ ወንድ ሁሉ ልምራ ይላል፤ የያዛት ሴት ወዴት መሄድ እንደፈለገች ግን አይሰማውም። ያንቺ ወንድም ይሰማዋል። መከተል የሚያውቅ መምራት በወር ይማራል። እነዚያን ግን በዓመትም አላስተምራቸውም። ንገሪው።» ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ።

ነገርኩት። ሳህን እያጠበ ነበር፤ አልዞረም።

«እንዲህ አለች? ከራስሽ ጨምረሽ አይደለም?»

«ብርቱካን ሰጥታኛለች። እሱንም ከራሴ ልጨምር?»

ትከሻው ሲስቅ አየሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሄደ። ብቻውን። ቆየ።

ሾርባውን ደግሜ አሞቅኩት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አሁን የወንዱን እየተማረ ነው። ልለማመድብሽ አለ። ጠረጴዛውን ገፋን። እሱ ሊመራ፣ እኔ ልከተል።

አቃተኝ።

«ልቀቂው ክንድሽን።»

«ለቅቄያለሁ።»

«አለቀቅሽም! አውቶቡስ የምገፋ መሰለኝ እኮ።»

«አውቶቡስ አክብረህ ግፋ።»

ሳቅን። ደገምን። እግሬ ቀድሞት ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ እሱን አይጠይቅም። ዓይኔን ብጨፍን ይሻላል ብዬ ጨፈንኩ... ባሰ። በመጨረሻ እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀው።

«ይቅር እትዬ። እዚያው እለማመዳለሁ።»

ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለስነው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

እያፏጨ ገባ። አብራው የምትለማመደው ከመድኃኒት ቤት ናት አሉ፤ መድኃኒት ቀማሚ።

«ብዙ ትስቃለች» አለ።

«በምን?»

«በቆጣሪ። በየሰዉ ቤት የሚያጋጥመኝን ስነግራት።»

በየሰው ቤት ምን ያጋጥመዋል? ይሄን ሁሉ ዓመት ለኔ የነገረኝ «ምድር ቤት ነው» ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ከሷ ጋር ወጥቷል። ዘንግቼ ለሁለት ሠራሁ። ለነገ ይሆናል።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ፣

«ቤት አገኘሁ» አለ።

«የምን ቤት?»

«አንድ ክፍል። ለመሥሪያ ቤት ይቀርበኛል። ለ... ለመድኃኒት ቤቱም ይቀርባል።»

«ጥሩ ነው።»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነበር።»

«ለምን እቆጣለሁ? አርባ አንድ ዓመትህ ነው፤ ጊዜው አይደል?»

«ሁለት ሆነ እኮ። ባለፈው ሳምንት።»

ልደቱን ረሳሁ! እኔ! እሱም አላስታወሰኝም። ከሷ ጋር ነበር ማለት ነው።

የፈለግኩት ይሄንኑ አይደል? እራት አብራው የምትበላ ሰው አገኘ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አላሰብኩትም ነበር።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሸሚዞቹን አጠፍኩለት። ከአንድ ታክሲ አልተረፈም ዕቃው። በሩ ላይ ሲቆም ሬዲዮውን አንስቼ አስያዝኩት።

«አንቺስ?»

«አልሰማውም።»

ውሸት። አሁን የሚሰማኝ የቧንቧው ጠብታ ነው። የውሃ ሰው ቤት ሆኖ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቤት ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጥር 25፣ ሰኞ

አስተማሪዋ ሥራ ቦታዬ ድረስ ደወለች። ቁጥሩን ወንድሜ ነው የሰጣት።

«ወንድ አለቀብኝ። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ያመሻሉ። አንቺ የወንዱን ታውቂ የለ?»

«ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ዕድሜሽን መች ጠየቅኩሽ? ቁመትሽን ነው የፈለግኩት።»

«በማደሪያ ቤት የተማርኩት ነው፤ ያረጀ ነው...»

«ሐሙስ» ብላ ዘጋችው።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ፀጉሬን ታጠብኩ። ቀሚሱን ለበስኩ፣ አወለቅኩ፣ ሱሪ አደረግኩ። ወጣሁ። እስከ ዳቦ ቤቱ። እዚያ እግሬ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ይቺ አሮጊት ወዴት ነው...

ወንድሜ ደወለ።

«ሄድሽ?»

«ዘግቶ ነበር።»

ወዲያው፣

«ዳቦ ገዛሽ?»

ያኔ በመስኮት እንዳየሁት ያውቅ ኖሯል።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ ወንድሜ በር ላይ ቆሟል፤ ከነሥራ ቦርሳው።

«እስከ በሩ ብቻ» አለኝ።

ዳቦ ቤቱን አለፍን። ስለ ቆጣሪ አንድ ታሪክ ነገረኝ፤ በቀቀኗ የሚንጠባጠበውን ውሃ ድምፅ ማስመሰል ስለለመደችባት ሴትዮ፣ ቧንቧው ከተጠገነ በኋላም ወሩን ሙሉ ሠራተኛ ስትጠራ ስለኖረች። ሳቅኩ። ለሱ ብዬ አይደለም፤ እውነት ያስቃል። በሩ ጋ ስንደርስ መንገዱን ተሻግሮ ጫማ መሸጫው ስር ቆመ። የደረጃው ብረት ቀዝቃዛ ነው። ይዤው ወጣሁ።

አስተማሪዋ «መጣሽ» ብቻ አለችና ግድግዳ ከተደገፉት አንዷን በክርኗ ይዛ አመጣችልኝ። አጭር ናት፣ በኔ ዕድሜ፣ ምናልባትም ከኔ ትበልጣለች። የመጀመሪያ ቀኗ ነው። እጇ በላብ ርሷል። ገና ሳንጀምር «ይቅርታ» አለችኝ።

«ምን አድርገሽ?»

«ልረግጥሽ ነው መሰለኝ።»

«እግርሽን አትዪ። የትም አይሄድም።»

ሳቀች። ከላይ፣ በግራ በኩል፣ ክራንቻዋ ትንሽ ጠመም ብሏል። ትንሽ። ልክ በሚገባው መጠን።

አወቅኩት። ምንም አላልኩም። ጄሶ ላይ እያለ ስንት ጊዜ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ሲስቅ ግን አይቼው አላውቅም። ቀኝ እግሬን ወደ ፊት፤ እሷ ወደ ኋላ። ሄደልን። ስንዞር መስኮቱ ጋ ደረስን፤ ቁልቁል አየሁ። ጫማ መሸጫው ስር ማንም የለም።

ደግ አደረገ። የምትጠብቀው አለች።

ቤት ገባሁ። ለአንድ ሰው ሾርባ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። የሰው እጅ ሙቀት መዳፌ ላይ እስኪጠፋ ቆየ።

ሳህኔን ካጠብኩ በኋላ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ለብቻ ይከብዳል። መጀመሪያ በአንድ ጎን፣ ዞሬ ደግሞ በሌላው።