የቀኝ ጭኔን ጉዳይ ይመለከታል

ለተከበሩ የክሊኒኩ የሕክምና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሐኪሞችዎና ስልክ ለምታነሣው ትሑት ልጅ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና ስልም በሁለት እግር ላይ እኩል የሚቆም ጤና ማለቴ ነው። እኛ መካነ ሰላም ያለነው ከጭኔ በቀር ሁላችንም አፊያ ነን።

እኔ እታገኘሁ ሞላ እባላለሁ። ከጅዳ የተመለስኩ የቦረና ወረዳ ሴት ስሆን፣ ባለፈው ነሐሴ በክሊኒክዎ የሁለት ጭኖቼ ስብ በቱቦ ተመጥጦ ወጥቶልኛል። ግራው እንደተባለው አምሯል። ቀኙ ግን ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሕፃን እንደገመጠው ዳቦ ጎድሎ ቀርቷል። የክሊኒኩን ስም ያልጠራሁት ለክብርዎ ስል ነው፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ነርሶችዎ ቲክቶክ ላይ ሲደንሱ ያገኛቸዋል።

በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ታናሽ እህቴ የኔአለም ከፋሲካ በኋላ ክሊኒክዎ ቀጠሮ መያዟ ነው። ገጻችሁ ላይ የለጠፋችሁትን የአንዲት ሴት ጭን ፎቶ አይታ ልቧ ተነሥቷል። እኔ እንኳ ፎቶውን አላየሁትም፤ እውነቱን ለመናገር የሰው እኩል ጭን ማየት ያመኛል። የእኔን ጉድለት ባሳየኋት ጊዜ፣ “አንቺን ያበላሸሽ መኪናው ነው እንጂ እነሱማ እጃቸው የተባረከ ነው፤ ፎቶውን አታዪም?” ብላ ዘጋችኝ። ስለዚህ መልስዎ እሷ እዚያ አልጋ ላይ ከመውጣቷ በፊት እንዲደርሰን እየለመንኩ፣ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. የመኪናውን ነገር ለእህቴ ያስተማራት ክሊኒክዎ ነው። ጉድለቱን ለማመልከት በደወልኩ ጊዜ፣ ከደሴ መካነ ሰላም ስመጣ አጋድዬ ተቀምጬ ስብ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ይሆናል የሚል ማብራሪያ ተሰጥቶኛል። ስለ መንገዳችን በአዲስ አበባ የሚጨነቅ ሰው በመገኘቱ ከልብ አመሰግናለሁ። መንገዱ ብዙ በደል እንዳለበት አልክድም፤ ጎማ ይበላል፣ እንቁላል ይሰብራል፣ የሰው ወገብ ያንገላታል። ስብ መርጦ ከቀኝ ጭን ሰርቋል ተብሎ ሲከሰስ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። እንዲያ ቢሆን ዕድሜ ልኩን በር ላይ የተንጠለጠለው የሚኒባስ ረዳት አንድ ጎኑ ብቻ በወፈረ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

፪. ትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። እብጠቱ እስኪወርድ ጠብቂ ተባልኩ፤ ጠበቅሁ። የሚያጣብቀውን ሱሪ ልበሺ ተባልኩ፤ በቤተ ክርስቲያን ስሰግድ እንኳ አላወለቅሁትም። ይህ ምክር ስሕተት እንዳልሆነ ደሴ ያየኝ ሐኪምም መስክሯል፤ እብጠት እስከ ዓመት ሊቆይ እንደሚችል፣ ያለ ጊዜው መነካካትም ነገሩን እንደሚያብስ ነግሮኛል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እሱ ይህን ያለኝ ብርሃን ላይ አቁሞ፣ ሁለቱን ጭኖቼን በእጁ ዳስሶ ሲሆን፣ የእናንተው ሐኪም ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያየኝ ስልክ በምታነሣው ልጅ በኩል ነው።

፫. ይህን አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፈው። ለማስተካከያ ሁለት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንደኛው ከደህናው ከግራ ጭኔ ጥቂት ቀንሶ ከተበላሸው ጋር ማስተካከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሆዴ ስብ ወስዶ ጎድጓዳውን መሙላት ነው። ለሁለተኛው ግን ከስቻለሁና ቅቤና ሥጋ በልቼ እንድወፍር ታዘዝኩ። ትእዛዙ የደረሰኝ በሁዳዴ ነው። ለታመመ ሰው ፈቃድ የሚሰጡ የንስሐ አባት አሉን፤ ዳሩ ግን ምን ሕመም አለብሽ ሲሉኝ ምን እንደምላቸው ክሊኒክዎ አላዘዘልኝም።

ይህን ሁሉ የሰማችው እናቴ ወይዘሮ ወርቄ፣ “ውይ ልጄ፣ ይኼማ የጭን ሳይሆን የጭነት ነገር ነው!” አለች። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ወደ ገበያ የሚሄድ ጭነት ሲያጋድል፣ ከከበደው ይቀነሳል ወይም በቀለለው ይጨመራል፤ ባለቤቱ የቸኮለ እንደሆነ በቀለለው ወገን ድንጋይ ይደረግበታል። ከሦስቱ ሁለቱን አቅርባችሁልኛል። ድንጋዩን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

፬. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የደሴው ሐኪም፣ ስብ የሚወጣበት ቦታ በእስክሪብቶ የሚሰመረው ሰውዬው ቆሞ ነው፤ ሲተኛ ሥጋው ቦታውን ይለቃል ብሎኛል። ክቡር ሆይ፣ እኔ የተሰመረልኝ ተኝቼ ነው። ሐኪምዎ በአንድ እጁ እያሰመረ በሌላው ስልኩን ያይ ነበር። ቀና ያለው የግራ ጭኔን ጠባሳ ሲያይ ብቻ ነው፤ ምንድን ነው ቢለኝ፣ ልጆች ሆነን ስንዴ ስናጭድ የኔአለም በማጭድ ስታ መትታኝ ነው ብዬ አጫወትኩት፤ ሳቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ። በቦረና ተኝታ የምትጫን አህያ የለችም፤ ተነሥታ ስትቆም ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃላ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እኔ የሄድኩት ለታይታ አልነበረም፤ በጅዳ ሙቀት ጭን ለጭን እየተፋተገ ሲቆስል ዓመታት ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ሳያቃጥለኝ መራመድ ነበር የፈለግሁት። በመሄዴ አላፍርም። አሁን ግን ልብሴን ስለውጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ ይህ ያናድደኛል፣ ያስለቅሰኛልም።

ልመናዬ አጭር ነው። አንድ ሐኪም አቁሞ ይየኝ፤ የሚስተካከለውን ይስተካከላል፣ የማይስተካከለውን አይስተካከልም ይበለኝ። ፍጹም እኩል እንደማይሆን የደሴው ሐኪም ሳይደብቅ ነግሮኛልና ተአምር አልጠብቅም። ከዚያም ለየኔአለም ጥፋቱ የመንገዱ እንዳልነበረ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። እኔን አላመነችም፤ እናንተን ታምናለች።

በግራ እግሬ በአድናቆት፣ በቀኝ እግሬ በትዕግሥት ቆሜ፣ ለክቡርነትዎ እጅ እነሣለሁ፤

እታገኘሁ ሞላ
ከመካነ ሰላም

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለየኔአለም
ለደሴ–መካነ ሰላም መንገድ፣ ስሙን ያጸዳ ዘንድ

እንዳልረሳው፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ሁልጊዜ እየተንቀረፈፈ የሚያስቸግረን ኔትወርክ ዛሬ ቀንቶት ያ ፎቶ ጥርት ብሎ መጣ። የኔአለም ይዛልኝ ሮጣ መጣች፤ አስፍታም አሳየችኝ። ሁለቱም ጭኖች እውነትም እኩል ናቸው፤ በሁለቱም ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት የማጭድ ጠባሳ አለባቸው። ለካ ግራዬን በኮምፒውተር ገልብጣችሁ ቀኝ አድርጋችሁልኝ ኖሯል፤ ይህንን ሦስተኛ አማራጭ ስልክ የምታነሣው ልጅ አልነገረችኝም ነበር። የኔአለም በዚያው ስልክ ደውላ ቀጠሮዋን ሰረዘች። ለእርስዎም አንድ ጥያቄ እንዳደርስላት አዝዛኛለች፦ “እኔ በማጭድ የመታሁት ግራዋን ብቻ ነው፤ ቀኟን የመታው ማን ነው?”