ለዘነበች፣ ስለ ሞተሩ የመሀል መቆሚያ

ውዷ ባለቤቴ ዘነበች፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት ወጣ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺ ባለሽበት ሕመም የለም ይላሉ፣ እኔም አምኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንዳለ ነው፣ ዓይኔ ግን ከድቶኛል። ድር ሲበጠስብኝ ጫፉን የማገኘው በጣቴ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ ልጃችን ታደለች ናት። እኔ መሠረተ ትምህርት ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ አስተማሪዋ "ጋሼ፣ እርሳሱን እንደ መወርወሪያ አይያዙት" ብትለኝ ተነስቼ እንደወጣሁ አትረሺውም። አንቺ ጨረስሽ፤ ስምሽንም በገዛ እጅሽ ጻፍሽ። እኔ አልጸጸትም። እስከ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ የሠራሁትን ጋቢ አንስቶ እንከን ያወጣለት ሰው የለም።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ያ የሚያፈሰው ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ተቀየረ። የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ ፍሬው ትንንሽ ነው ግን ይጣፍጣል። ክር አሁንም የሚታደለን በሸማኔዎች ማኅበር ነው፣ ቤንዚኑም በኩፖን ነው። ሞተር ብስክሌታችንም አለ። ዓይኔ ሲደክም ለታደለች እኔው መንዳት አስተማርኳት። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። አንዱ የማኅበሩ ሰው "ጋሽ ደምሴ፣ ወንድ ጠፋ እንዴ?" አለኝ። "ወንድስ ሞልቷል፣ ፍሬን መያዝ የሚያውቅ ነው የጠፋው" አልኩት። እሷም አላሳፈረችኝም። ክሩን ሽሮ ሜዳ ካለው ከማኅበሩ መጋዘን ታመጣለች፣ ያለቀውን ጋቢ ታደርሳለች፤ የጎረቤት ሸማኔዎችም ሥራቸውን በእሷ ይልኩ ጀመር።

በሐምሌ ወደቀች። ወደ ቤታችን በሚያስገባው ድንጋያማ ጥምዝ ላይ፣ ወደ ግራ ስትዞር። ጉልበቷ ተላጠ፣ የሰው ጋቢ ጭቃ ነካው። ሰው ተሰብስቦ ሳለ "አባባ፣ ከሥር የሆነ ነገር ገፍቶ አነሳኝ" አለችኝ። እኔም በሰው ፊት "ገፍቶ ያነሳሽ የገዛ ችኮላሽ ነው፤ መንዳት አታውቂም" አልኳትና ቁልፉን ተቀበልኳት። ከዚያ ወዲህ ክሩን ከሽሮ ሜዳ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን በእግሯ ነው የምትወጣው። ጎረቤቶቹም ሥራቸውን ለሌላ ሰጡ።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩ ቆሞ እንዳይበላሽ ብዬ መካኒኩን ሽኩርን ጠራሁት። በጎኑ አጋድሞ አየውና "ጋሽ ደምሴ፣ ይኼ የመሀል መቆሚያ መሬት እየነካ ነው፤ ጫፉ ተልጦ ያብረቀርቃል። ልጅቷን የጣላት እሱ ነው። ሁለት ቡሎንና አንድ ሞላ ናት፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ አወልቀዋለሁ፤ የጎኑ መቆሚያ ይበቃል" አለኝ። "ላስብበት" አልኩት። ሳስብበት ሰነበትኩ። ሽኩርም ታደለችም የማመነታው ስላንቺ ብዬ ይመስላቸዋል።

እውነትም ያ መቆሚያ ያንቺ ነበር። ቀኝ ክንድሽ የሰለለ ጊዜ ክር የምታጠነጥኚበትን ማዳወሪያ ማዞር አቃተሽ፤ ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም ብለሽ አለቀስሽ። እኔ ደግሞ ሞተሩን ቤት አስገብቼ በመሀል መቆሚያው አቆምኩት። የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሳ እንዝርቱን ጎማው እንዲያዞረው አስጠግቼ አሰርኩልሽ። ጎማውን በግራ እጅሽ ትገፊውና እሱ በራሱ ሲዞር፣ በዚያው በግራሽ ክሩን ትመሪ ነበር። በአንድ እጅሽ የሁለት እጅ ያህል አዳወርሽ። ቤንዚን ሳይነካ የሚሠራ ሞተር ያለው ሸማኔ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ አንቺ "ሞተሩ እኔ ነኝ፣ አንተ ምን አደረግክ" ትዪኝ ነበር።

ታደለች የማታውቀው ይህን ነው፣ ትጻፈው። ቤታችን አፈር ነውና መቆሚያው እየሰመጠ ጎማው ወለሉን ይነካብሽ ነበር። እኔም ካንቺ በቀር ለማንም ሳልናገር በያጅ ዘንድ ወስጄ፣ ለሁለቱም እግሮቹ ሦስት ሦስት ጣት ብረት አስቀጠልኩባቸው። የሸማ መሥሪያ ዕቃ ላይ እንጨት እንደምንቀጥለው ማለት ነው። አጠረ፣ ይረዝማል፣ በቃ። መንገድ ላይ ዞሮ የሚሄድ ነገር መሆኑን ረሳሁት። በኋላ እኔው ስነዳው ያ ጥምዝ ላይ መቆሚያው መሬት ሲነካ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ በዝግታ፣ ሰፋ አድርጌ ነበር የምዞረው። ቁልፉን ለልጄ ስሰጥ ግን አልነገርኳትም። ስትወድቅም አላሰብኩትም። ሽኩር ያን የተላጠ ብረት በጣቱ ሲነካው ነው የቀጠልኩት ብረት ትዝ ያለኝ። ሽኩር ቅጥሉን አላወቀም፤ በያጁም አገሩ ገብቷል። የሚያውቅ አንቺና እኔ ብቻ ነን። በብረት መጋዝ ቆርጬ ዝም ልል አሰብኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጋዙንም ተውሼ ነበር። ልጄ ግን ሥራዋንና ስሟን ያጣችው በእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እዚህ ላይ ታደለች መጻፍ አቆመች። "አባባ፣ ይኼን የሚነግሩት ለእማማ ነው ወይስ ለእኔ?" አለችኝ። ለሁለታችሁም ነው አልኳት። ብዕሩን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

አሁን ተመልሳለች። "እኔ እኮ እስከ ዛሬ ያን ጥምዝ በሐሳቤ ስዞረው ነበር። የት ጋ እንዳጠፋሁ ስፈልግ" አለች። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩላት። "ሞተሩ ያንቺ ነው፣ መቆሚያውም ያንቺ ነው፤ ይውለቅ ካልሽ ይወልቃል፣ ይቆይ ካልሽ ይቆያል" አልኳት። በሆዴ ግን "የቀጠልኩትን ብቻ ቁረጡት" ማለት ፈልጌ ነበር። የቀረው ይቆይ፣ ዘነበች፣ አንቺ የሠራሽበት ነውና። ምላሴን ያዝኩ። ይህ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ሙሉውን ይውለቅ" አለች። "እሱ ላይ ለማቆም ሁልጊዜ የሚያግዘኝ ሰው መጥራት አለብኝ። የጎኑን ብቻዬን እችለዋለሁ።" አንቺ ሆነሽ የመጣሽ መሰለኝ። ነገ ጠዋት ወደ ሽኩር አብረን እንወስደዋለን። ከዚያ ማኅበሩ ደጅ ድረስ ከኋላዋ ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ሰዉ በተሰበሰበበት እንደዘለፍኳት ሁሉ፣ እዚያም ሰዉ በተሰበሰበበት "ልጄ መንዳት ታውቃለች፣ የጣላት የእኔ ብረት ነው" እላለሁ። ይሳቁ።

አንቺን ለማስታወስ ብረት አያስፈልገኝም። በሕይወት እስካለሁ ወደ ሸማዬ ስወርድ የመጀመሪያውን መወርወሪያ ባንቺ ስም እወረውራለሁ፤ እጄ ሥራ ያቆመ ቀንም ስምሽን በአፌ እጠራለሁ። ይህን ቃል ሰጥቼሻለሁ።

ታደለች የተናገርኩትን ሁሉ ጻፍኩ፣ አንድም ቃል አላጎደልኩም ትለኛለች። እኔ ማንበብ አልችልም። አምኛታለሁ።

ባለቤትሽ ደምሴ፣ ከጉለሌ